ገላጋዩ

መስኮቱ ጥግ የሚቀመጠው ፕሮግራመር ጠረጴዛውን በቡጢ ሲነርተው የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ትሸሻለች። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ስባሪ ኪቦርድ ጠርጋለታለች። ሸሚዙ ሁሌም የተተኮሰ ነው፤ በጫማ ማሰሪያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት የቤት ቁልፍ አትለየውም፤ ግራ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ጠባሳ ሰንጥቆታል። "ይሄ እጅ ቤቱ ሲገባ ማን ላይ ያርፍ ይሆን?" ትላለች በልቧ።

"ደግሞ ዛሬ ከማን ጋር ነው ጠቡ?" አለችው።

"ከእነዚህ ጋር ነዋ፣ እማማ!" ስክሪኑን በጥፊ አለው። "ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩት አንድ ላይብረሪ፣ ማለት አስቀድሞ የተጻፈ የኮድ ስብስብ፣ ተጋርተው ነው። አንዱ አሮጌው ቨርዥን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፣ ሌላው አዲሱ ካልሆነ። አንዱን ደስ ሳሰኝ ሌላው ይፈነዳል። አንገት ቢኖራቸው አንቄ በገደልኳቸው!"

ጥርሱን ነክሶ ኪቦርዱን ይቀጠቅጠው ጀመር። ከሰዓት ላይ ድንገት እጁን ከኪቦርዱ አነሳ፤ ግንባሩ ላብ ያንጠፈጥፋል።

"ገላገልካቸው?"

"ለየብቻ ክፍል አስገብቼ፣ ላይብረሪውን ለየራሳቸው አንዳንድ ቅጂ ሰጠኋቸው። ከእንግዲህ አይተያዩም።"

"እሰይ! እጅህስ ምን ሆኖ ነው?"

መዳፉን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየው። "ወንድሞቼ በአባታችን ቤት ውርስ ተጣልተው። ቢላዋውን በስለቱ በኩል ያዝኩት፤ አመለጠኝ።"

"ታዲያ ቤቱ ለማን ሆነ?"

"አንዱን ቀበርነው፤ ሌላው እስር ቤት ነው።" ቁልፏን ሸሚዙ ውስጥ መለሳት። "ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ቤቱን እኔ እጠርገዋለሁ።"