ዋሲሁን የነቀለው ቴርሞስታት

ዋሲሁን በሰው ጉዳይ ዓይን አፋር ነው፤ በሞተር ጉዳይ ግን ማንንም አይሰማም። አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ነዋ። ዙሪክ ከገባ ጀምሮ የሚሠራው የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ላውንድሪ ስለሆነ፣ የድሮ ሙያው የተረፈችው በአንዲት ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ አሮጌ የስፖርት መኪና ላይ ብቻ ነው። ሽዋመንዲንገን በሚባለው ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመኪናዋ ሥር የወጣ እግሩን እንጂ ፊቱን አያዩትም።

መኪናዋን ሲገዛት ዳገት ላይ ታፈላ ነበር። እሱም ሳያቅማማ አዲስ አበባ የተማረውን አደረገ፤ ቴርሞስታቷን ነቅሎ ጣላት። ቴርሞስታት ማለት የሞተሩ ውሃ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ማቀዝቀዣው፣ ወደ ራዲያተሩ፣ የሚወስደውን መንገድ ዘግታ የምታቆይ ትንሽ በር ናት። በእኛ አገር ጋራዥ ግን ሞተር አፈላ ከተባለ፣ ጥፋተኛ ሆነችም አልሆነችም፣ መጀመሪያ የምትባረረው እሷ ናት። እንጦጦን ለሚወጣ መኪና መላው ላይከፋ ይችላል። በስዊዘርላንድ ክረምት ግን ውሃው ስለማይሞቅ ማሞቂያውም የሚተፋው ቀዝቃዛ አየር ነው። ዋሲሁን ይህ ጠፍቶት አይደለም። ካፖርቱን ደርቦ ይነዳል፤ ሞተሩ አላፈላም፣ በቃ።

ጣጣው የመጣው ሙሉወርቅን በዚህች መኪና ያሳፈረ ቀን ነው። ሙሉወርቅ ልጇን ዲቦራን አዲስ አበባ ትታ ከመጣች ብዙ ዓመት የሆናት፣ ጄኔቭ አንድ ዲፕሎማት ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ዙሪክ ቤተ ክርስቲያን ተዋወቁና ዋሲሁን ወደዳት። ወደዳት ማለት እንኳ ያንሳል፤ አንሶላ ሲያጥፍ በልቡ የሚያወራው ከእሷ ጋር ነበር። ለገና ከጄኔቭ ሊያመጣት ሄደ። ሴትዮዋ በነጠላዋ ላይ ሻርፕ፣ በሻርፑ ላይ የእሱን ጃኬት ደርባ፣ ኩርምት ብላ ተቀመጠች። እሱ ስለ ራዲያተሩ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ስለ ሞተሩ ሲያስረዳ ዙሪክ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ ለበዓል በባቡር ትመጣለች፣ በባቡር ትመለሳለች። ዋሲሁን “ጠላችኝ” ብሎ ደመደመና ዝም አለ። ዝም ማለት ይችልበታል።

በመስከረም፣ ዙሪክ ላንግሽትራሰ ሰፈር የምትኖረው የሙሉወርቅ ጓደኛ ወለላ ዋሲሁንን ከቅዳሴ በኋላ ለብቻው ጠራችው።

“አሠሪዎቿ ወደ ሌላ አገር ሊዛወሩ ነው፤ የመኖሪያ ካርዷም ከእነሱ ጋር ያበቃል” አለችው። “ከኅዳር ጽዮን በኋላ አገሯ ትገባለች። የሚያገባት ካለ ግን ትቀራለች። እንግዲህ ወይ ተናገር ወይ እርምህን አውጣ።”

ዋሲሁን ያን ቀን ደወለላት። ‘አትሂጂ’ ሊላት ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

“ለኅዳር ጽዮን መጥቼ ልውሰድሽ?”

“መኪናህ ትበርዳለች እኮ፣ ዋሲሁን። ጉልበቴን አልቻልኩትም።”

ሰውዬው በደስታ ሊበር ደረሰ። ለካ የጠላችው እሱን ሳይሆን ብርዱን ነው። አግቢኝ ለማለት ወኔ ያጣ ሰው፣ መኪና ለማሞቅ ግን ወኔ አላነሰውም።

የድሮዋን ዓይነት ቴርሞስታት አልፈለገም፤ እሷ ዘግይታ ስለምትከፍት ዳገት ላይ እንደገና ማፍላት ይመጣል። ለስፖርት መኪና የተሠራች፣ ቀደም ብላ የምትከፍት ሌላ አገኘ። በክር አንጠልጥሎ የሽሮ ድስቱ ውስጥ ከተታትና ውሃው እየሞቀ ሲሄድ አፏን ስትከፍት ምድጃው ላይ አጎንብሶ አየ። ራዲያተሩን አጠበ፣ የተሰነጣጠቁትን ቱቦዎች ቀየረ። ቴርሞስታቷን ገጥሞ ሲሞክራት የሙቀት መለኪያው ቀስት መሐል ላይ ወጥቶ ቆመ፤ እግሩ ሥር ሙቅ አየር መጣ። መኪናዋ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ “ሙሉ፣ አትሂጂ” እያለ ጮክ ብሎ ተለማመደ።

ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ በጠዋት ጄኔቭ ሄዶ አሳፈራት። ሎዛን ከተማን ሲያልፉ ሊናገር ቆርጦ ነበር። ሙሉወርቅ እጇን ማሞቂያው ላይ ዘርግታ “እሰይ፣ ተሻላት” አለች፤ ሻርፗን ፈታች፤ ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰዳት። የአሠሪዎቿን ቤት ዕቃ ስታሽግ የከረመች ሴት ናት። ሎዛን አለፈ። ዋሲሁን ከከባድ መኪናዎች ኋላ እየተጎተተ ነዳ። በርን ከተማ አጠገብ፣ ትነቃ እንደሆን ብሎ ማሞቂያውን ትንሽ ቀነስ አደረገው፤ ወዲያው አሳዘነችውና መለሰው። አፏ በትንሹ ተከፍቶ፣ ራሷ ወደ እሱ ዘንበል ብሎ ነበር። እንዲህ አጠገቡ ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነው፤ መንገዱ ባያልቅ ወደደ።

ወለላ ቤት በር ላይ ሲቆሙ ሙሉወርቅ ነቃች።

“ደረስን እንዴ? ምነው ሳትቀሰቅሰኝ?”

“ሙሉ፣ አትሂጂ” አላት። “እንጋባ።”

ሙሉወርቅ የፈታችውን ሻርፕ መልሳ አሰረች።

“ያን የገና ዕለት እንዲህ ብትለኝ” አለች ቀስ ብላ። “መንገዱን ሙሉ ነቅቼ እኮ ነበር። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁህ። አንተ ስለ ራዲያተር አወራህ። ዳግመኛ እንደዚያ መጠበቅ ስላልቻልኩ ነው ባቡር የመረጥኩት።”

“አሁንስ?”

“አሁንማ ዲቦራ ወለደች። ልጅሽን ላሳድግልሽ እመጣለሁ ብያታለሁ። ስንት ዓመት እመጣለሁ እያልኩ ቀረሁባት፤ አሁንም ቀረሁ ልበላት?”

ዋሲሁን ወርዶ ሻንጣዋን አወጣላትና ደረጃውን ተሸክሞላት ወጣ። የወለላ በር ላይ ሲደርሱ ሙሉወርቅ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

“ሙቀቱ ግን ደስ ይል ነበር” አለችው ልታጽናናው። “እንዲህ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ።”

መኪናዋን ሲጠግን ከአፏ ሊሰማው የተመኘው ምስጋና ይኸው ነበር። ዋሲሁን ሻንጣውን እንደያዘ ቆሞ፣ እሷ ነቅታ የጠበቀችበት ያ የገና ብርድ ናፈቀው።