የማንጠግቦሽን ወረቀት ፍለጋ ወደ ፎገራ

ከናይሮቢ ስነሳ

ከናይሮቢ የተነሳሁት የተበላሸ ወረቀት ለማስተካከል ነው። እኔና ባለቤቴ ሙቱዋ ማንጠግቦሽ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ በጉዲፈቻ ለማሳደግ ካመለከትን ቆይተናል። ልጅቷ ያለችው ባሕር ዳር፣ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ፓስፖርቴ ግን የኬንያ ስለሆነ በሕግ ፊት የውጭ አገር ሰው ነኝ። በአማርኛ ብሳደብ እንኳ ስሜ ያው "የውጭ አገር አመልካች" ነው።

ፋይላችን አዲስ አበባ ደርሶ ተመለሰ። ከወረታ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣው ማስረጃ "የልጅቷ እናት በሕይወት አለች" ይላል። እናት ተብለው የተጻፉት ወይዘሮ ታንጉት የሟች እናቷ አክስት ናቸው፤ ሰባ ዓመት ሊደፍኑ ምንም አልቀራቸውም። ይህን ፋይሉን ለያዘችው የአዲስ አበባ ጸሐፊ በስልክ ባስረዳት "ሣራስ በእርጅናዋ ወልዳ የለ?" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በየቢሮው የሚናፈሰው ወሬ ልጅ ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ሊከለከል ነው የሚል ነው። ሕጉ ከቀደመን ማንጠግቦሽን አናገኛትም።

የገዛንላትን አልጋ ማየት ቢያቅተው ሙቱዋ ፈታትቶ ከበር ኋላ አቁሞታል። "ስመለስ እገጥመዋለሁ" ብዬው ወጣሁ።

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ

ባሕር ዳር እንደደረስኩ ማንጠግቦሽን አየኋት። ወድቃ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሳቋ ተለውጧል። የያዝኩላትን ብስኩት ለሁለት ገመሰችና ግማሹን መልሳ እጄ ላይ አደረገችው።

"ለእምዬ ታንጉት ስጫት" አለችኝ።

ሚኒባሱ እስከ ወረታ ሠላሳ ብር ነው። ረዳቱ ትርፍ ጭኖ ትራፊክ ባየ ቁጥር "ዝቅ በሉ!" ይለናል፤ እኛም ከፍለን እንደ ሌባ እንደበቃለን። ዓባይን ተሻግረን ሐሙሲትን ካለፍን በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። ሩዝ የሚታጨድበት ወቅት ነው። ግማሹ ማሳ ቢጫ እንደሆነ ቆሟል፣ ግማሹ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል፤ ከብቶች ቃርሚያው ውስጥ ገብተዋል። አጠገቤ የተቀመጠው የሩዝ ነጋዴ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝና ነገርኩት።

"ወረቀት ከሆነስ ስንቅ ይዘሻል?" አለኝ።

ወረታ መገንጠያው ላይ የጭነት መኪናና ባጃጅ ይጋፋል። ጾም ነውና ሽሮ በሩዝ እንጀራ በልቼ ባጃጅ ያዝኩ። የርብ ወንዝ በክረምት ሞልቶ የተወው ደለል መንገዱን ስለቆረጠው ባጃጁ መሀል ላይ አወረደኝ፤ የቀረውን በማሳ ድንበር ላይ በእግሬ ሄድኩ።

ከወይዘሮ ታንጉት ዘንድ

ወይዘሮ ታንጉት ዓይናቸው እየደከመ ነው። ልጅቷን ለማሳደጊያ የሰጡትም ለዚሁ ነው፤ ውኃ ዳር ብትሄድ አያዩዋትም። ብስኩቱን ስሰጣቸው በጣታቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

"እማማ፣ ያኔ ለቀበሌው ለምን እናቷ ነኝ አሉ?" አልኳቸው።

"እናቷ ነኝ መቸ አልሁ? ጸሐፊው 'የማን ልጅ ናት?' አለኝ። እሷ ቀሚሴን ይዛ ቁማለች። እየሰማች የሙት ልጅ ናት ልበል? ኧረ ምን ሁኘ! የኔ ናት አልሁት።"

በዚህ አገር ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ቃል አይወጣም። ጸሐፊው ደግሞ የሰማውን ጻፈ። በአንዲት የደግነት ቃል የተነሳ ስንት ቢሮ ተመላለስኩ! ተናደድኩ፤ ግን በማን እንደምናደድ ጠፋኝ።

ቀበሌ

በማግስቱ ጠዋት እጃቸውን ይዤ ቀበሌ ሄድን። የአሁኑ ጸሐፊ ከሌላ ዞን ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነው።

"አንዱን ይበሉኝ እማማ፤ እናቷ ነዎት ወይስ አይደሉም?"

"አይደለሁምን ከኔ አፍ አትሰማም።"

ምስክር ይሁኑ ብሎ ሁለት ጎረቤቶች አስጠራ። የመጀመሪያውን "ማንጠግቦሽ የማን ልጅ ናት?" አላቸው። "የታንጉት ናታ!" አሉ። ሁለተኛውም "የታንጉት ናት፤ አገር ያውቀዋል" አሉ። ጸሐፊው ግንባሩን ያዘ።

"እንግዲህ ሌላ ቀን ኑ" አለ።

"አንመጣም" አልኩት። "አንሄድምም። ጥያቄህን ቀይረው። ማን ወለዳት በላቸው።"

ወንበር ስቤ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ታንጉትም ከጎኔ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ወጣቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየና እስክሪብቶውን አነሳ።

"ማን ወለዳት?"

"የእህቴ ልጅ አዲሴ። ነፍሷን ይማረው። ርብ መንገድ በዘጋበት ክረምት ነው፤ በወለደች በሦስተኛው ቀን ዐረፈች።"

"አባቷስ?"

"ከዚያ በፊት ሙቷል።"

"ማን አሳደጋት?"

"እኔ።"

ጻፈው። አነበበላቸው። አውራ ጣታቸው ቀለም ነክቶ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ሲል ወይዘሮ ታንጉት እጃቸውን መለሱት፤ ፊታቸውንም ወደ እኔ አዞሩ።

"አንችስ እታለም? የማን ናት ሲሉሽ ምን ትያለሽ?"

ፍርድ ቤት ሳይወስን ልጄ እንዳልላት ስንት ጊዜ ተመክሬያለሁ!

"እኔ ገና አመልካች ነኝ እማማ። ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ..."

"አመልካች ምንድን ነው? እኔ ልጅ ለአመልካች አልሰጥም።"

ቀለም የነካው ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ጎረቤቶቹም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ቃል ማታ ማታ ለሙቱዋ ብቻ ነበር የምለው፣ እሱም በሹክሹክታ።

"የኔ ናት" አልኩ።

"ጎላ አርገሽ በይው፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ጆሮየም እየተከተለው ነው።"

"የኔ ናት!"

ጣታቸውን አሳረፉት። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረው አለቀሱ፤ እኔም ተከትያቸው ሄጄ አለቀስኩ። ሲበቃቸው ብስኩቱን ከነጠላቸው ፈቱና ገምሰው ሰጡኝ።

አዲስ አበባ

ሣራን የጠቀሰችልኝ ጸሐፊ አዲሱን ማስረጃ መልሳ መላልሳ አየችው፤ እንከን አጣችለት። ሌላ ቅጽ አወጣች።

"ከልጅቷ ጋር ያለዎት ግንኙነት?"

"የኔ ናት።"

ቀና አለች። "ይሄው መልስ አይደል እንዴ ፋይሉን ያስመለሰው? አመልካች ነው የሚባለው።"

"አንቺ አመልካች ብለሽ ጻፊ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን የኔ ናት ነው የምለው።"

ጻፈች። ቀጠሮ ግን የለም፤ "በስልክ እንነግርዎታለን፣ ይጠብቁ" ተባልኩ። ቢዘጉብኝ የሚከፈተውን በር ፈልጌ አንኳኳለሁ እንጂ ይህቺን ልጅ አልተዋትም።

ናይሮቢ

ሙቱዋ በሩን ከፍቶ ከኋላዬ አየ፤ ማንም የለም።

"ቀጠሮ ሰጡን?"

"አልሰጡንም።"

ሻንጣዬን አስቀምጬ የአልጋውን ሳንቃዎች ከበር ኋላ አወጣሁ። ከዚህ ጉዞ በፊት መጠበቅ ማለት ወረቀቱ እስኪያልቅ እናትነትን ማቆየት ይመስለኝ ነበር። ወይዘሮ ታንጉት ግን "የኔ ናት" ሲሉ ማንንም አላስፈቀዱም።

"ቀን ሳይሰጡን ለማን ነው የምትገጥሚው?" አለኝ።

"ለልጄ" አልኩት፤ ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ።

 እሱም መፍቻውን ሊያመጣ ሄደ።