ለላም ነው ያለችው ሴት

ወደ ዱቦ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የፕላስቲክ ጫማዋ ጭቃ ለብሷል። የስኳር ድንች ሐረግ የታጨቀበት ጆንያ በጉልበቶቿ መካከል ይዛ በየደቂቃው ስልኳን ታያለች።

«ለላም ነው?» አሏት ከኋላ የተቀመጡ እናት።

«አዎ፣ እርጉዝ ናት» አለች ሳትዞር።

ስልኳ ሲጮህ ወዲያው አነሳችው። «ወለደች? ቅጠሉንና ፉርሽካውን አብልተሃታል አይደል? ሆዷ ካልሞላ እንዳምናው ስትቁነጠነጥ ትተኛባቸዋለች!» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስንት ናቸው? ዘጠኝ? ሁሉም ይጠባሉ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ልጄ፣ ዘጠኝ የምትወልደው ምን ዓይነት ላም ናት?» አሉ እናትየዋ።

ሴትዮዋ አንገቷ ላይ ያሰረችውን ማተብ በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ግን የደስታ ዕንባዋን እየጠረገች ዞረች።

«አሳማ ናት፣ እማማ» አለች። «አምና አንድም አልተረፈልኝም።»