ታደለ ያነሳው ጅራታም ኮከብ

የተቃጠለ ሸንኮራ አገዳ ሽታ ነፋስ ባመጣው ቁጥር፣ ወንጂ ሠራተኞች መንደር ደጃፋችን ላይ ቆሜ ሰማይ ሰማዩን የማይ ይመስለኛል። በበጋ አገዳው ሊቆረጥ ሲል ይቃጠል ነበር፤ ጥቁር ብናኙም እየበረረ መጥቶ እማዬ ያሰጣችው ልብስ ላይ ሲያርፍ፣ አገዳ የሚባለውን ፍጥረት ሁሉ እየረገመች መልሳ ታጥብ ነበር።

በበጋው ማለቂያ ላይ ጅራታም ኮከብ ወጣ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከአገዳው በላይ ነጭ ጅራቱን ዘርግቶ ስለሚታይ፣ መንደርተኛው እራቱን ትቶ ደጅ ይወጣ ነበር። ጎረቤታችን ኦቦ ቃሲም «ያ ረቢ! ይሄ ለደግ አልወጣም፣ ጦር ያመጣል» ሲሉ፣ ታላቅ ወንድሜ ታደለ ይስቅባቸው ነበር።

ታደለ አዳማ ፎቶ ቤት ረዳት ነበር። የሰው ሠርግ ሲያነሳ እየዋለ የራሱ ፎቶ ስለሌለው የመንደሩ መቀለጃ ሆኗል። አንድ ቀን አስፈቅዶ ካሜራውን ይዞ መጣ፤ ፊልሙ ላይ የቀረችው አንዲት ፎቶ ብቻ ነበረች።

«ኮከቡ ምን ያደርግልኛል? አንተ ቁምና እህትህ ታንሳህ» አለችው እማዬ ወደ እኔ እያመለከተች። «አንድ ፎቶህ እንኳ ቤቴ የለም።»

«እኔ የትም አልሄድ፣ እማዬ። የሚሄደው ኮከቡ ነው» ብሎ፣ ካሜራውን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ ሙሽራ እንደሚያነሳው በፍላሽ አነሳው። ሰማይን በፍላሽ! ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ጥግ ላይ ከነጣች የአገዳ ቅጠል በቀር ድፍን ጥቁር ነበር፤ ሁላችንም በሳቅ ሞትን።

ክረምቱ አልፎ፣ በተከታዩ ዓመት ጦርነት ተነሳና ታደለ ዘመተ። መታወቂያው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶም አብራው ሄደች። መርዶው የመጣው በጥቢ ነው። በእኛ አገር እናት የሟች ልጇን ፎቶ ከፍ አድርጋ ይዛ ነው የምታለቅሰው፤ እማዬም ሳጥኗን ገልብጣ ፈልጋ ስታጣ፣ ያንን ጥቁር ፎቶ ይዛ ድንኳኑ መሐል ቆመች። «ልጄን እዩልኝ!» ስትል ቀና ብሎ ያያት ለቀስተኛ አልነበረም። ኦቦ ቃሲም ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ።

በቅርቡ ሌላ ጅራታም ኮከብ ሲወጣ በስልኬ አነሳሁት፤ ጅራቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ለእማዬ ባሳያት፣ አየት አድርጋ ስልኩን መለሰችልኝ። ዛሬ የምሳዬ ፎቶ እንኳ ስልኬ ውስጥ ሞልቷል። የታደለ መልክ ግን እየጠፋብኝ ነው፤ እሷም ጠፍቶባት እንደሆነ መጠየቅ አልደፍርም።