ደባል ወይስ ሚስት

የሺሃረግ ባሕር ማዶ፣ ጋርላንድ ከተማ ውስጥ ከኃይለ መስቀል ጋር ስምንት ዓመት ኖራለች፤ የጋብቻ ወረቀት ግን አልነበራቸውም። እሱ ከሥራው በሚያገኘው ኢንሹራንስ እሷም እንድትታከም ወረቀት ስለተጠየቀ፣ አንድ ቀን ጋብቻ ወደሚመዘገብበት የካውንቲ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ጸሐፊዋ ምርጫ ሰጠቻቸው፤ ወይ የጋብቻ ፈቃድ አውጥተው ከሦስት ቀን በኋላ ዳኛ ፊት መጋባት፣ ወይ ድሮም ባልና ሚስት ነበርን ብለው ምለው መፈረም።

ኃይለ መስቀል የመሐላውን ቅጽ ሳበና የጋብቻ ቀን በሚለው ቦታ፣ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ቤቱ የገባችበትን ቀን ጻፈ።

«የዚያን ቀን ማን አገባኝ?» አለችው። «ወንድሜ እዚህ ቅርብ፣ ዴንተን ከተማ ተቀምጦ ሽማግሌ ልከህበታል?»

«በዚህ ዕድሜሽ ሽማግሌ አማረሽ? ፈርሚና እንሂድ፤ ሥራ ረፈደብኝ።»

«ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለሰው ሁሉ ደባሌ ናት ስትል ኖረህ፣ ዛሬ ሚስቴ ነበረች ብለህ ልታስምለኝ? በውሸት አልምልም። ፈቃዱን እናውጣ። ሽማግሌ ለመላክ ሦስት ቀን ይበቃሃል።»

ጥርሱን ነክሶ የፈቃዱን ማመልከቻ ፈረመ። መኪናው ጋ ሲደርሱ የኋላውን በር ከፍታ ገባች።

«ምን ሆነሽ ነው ከኋላ የምትቀመጪው?»

«ደባልህ አይደለሁ? ሽማግሌዎቹ ዴንተን እስኪደርሱ ቦታዬ እዚህ ነው። ንዳ።»