እኔንም ውሻዋንም በአንድ ቃል

የልጅ ልጆቼ «ዓረብ አገር፣ ኮበር ከተማ ሳለሽ ከውሻ ጋር የተጣላሽውን ንገሪን» እያሉ ስለጨቀጨቁኝ ልናገር።

እዚያው ኮበር፣ አል ዑለያ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ፣ የማዳምን ልጆች ይዤ ባሕሩ ዳር ወረድኩ። የአስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት ጊዜ ሊያልፍ ሲል አሸዋው ላይ መስገጃዬን ዘርግቼ ቆምኩ። ከኋላዬ አንዲት ወጣት «ታዓሊ! ታዓሊ!» ብላ ጮኸች፤ ነይ ማለቷ ነው። ማዳም ቀኑን ሙሉ የምትጠራኝ በዚችው ቃል ነውና፣ ሶላቴን አቋርጬ «አቤት» ብዬ ሄድኩ። ለካስ የምትጠራው ውሻዋን ኖሯል! ውሻዪቱም ከባሕር ወጥታ መስገጃዬ ላይ ተራገፈችበት።

«ምነው ልጄ፣ ሰው በሚሰግድበት ውሻ ይለቀቃል?» አልኳት በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዬ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ያ ኻላ! በየቀኑ ትታጠባለች» አለችኝ እየሳቀች፤ ችግር የለም፣ አክስቴ ማለቷ ነው።

«ለአንቺ ነዋ ማፊ ሙሽኪላው! እኔ ይህን ውሻ የነካውን መስገጃ በሃይማኖታችን ደንብ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ አጥቤ እስክጨርስ የአስር ሶላቱ ሊያልፈኝ ነው!»

አለፈኝም። ውሻ አልጠላም፣ የአላህ ፍጡር ናት። ግን ሰው ግንባሩን በሚደፋበት፣ ሕፃን የወደቀ ብስኩት አንስቶ በሚበላበት አሸዋ ላይ ምን ትሠራለች? ኧረ በአላህ!

ከዓመታት በኋላ ልጄ እዚያው ወስዳኝ የዓረብኛውን ጽሑፍ ባታነብልኝ አላውቅም ነበር፦ መስገጃዬን የዘረጋሁት «ውሻ ማስገባት ክልክል ነው» ከሚል ሰሌዳ ሥር ነው።