ቀለሙን ተይው፣ ቁመቱን ለኪ

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ፣ በአንድ የመስታወት ግሪንሃውስ ውስጥ የበቆሎ ቫይረስ ሲያጠኑ ኖረው በዚህ ሳምንት ተለዩን።

አንድ ቅዳሜ ሥራቸውን አሳዩኝ። ቫይረሱ አንድ ነው፤ ከየእርሻው የሰበሰቡት ናሙና ግን በዘረመሉ ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ ጉዳቱም ይለያያል። የቱ እንደሚብስ ገምቺ ሲሉኝ፣ ቅጠሉ ቢጫ ዝንጉርጉር የሆነውን በቆሎ አሳየኋቸው። ከደረት ኪሳቸው የማትጠፋውን ማስመሪያ ሰጡኝና "ቀለሙን ተይው፣ ቁመቱን ለኪ" አሉኝ። ቢጫው ቫይረስ ካልነካው ጤነኛ በቆሎ እኩል አድጓል። አጠገቡ ያለው፣ በሌላ ናሙና የተያዘው አረንጓዴ ግን ከጉልበቴ አላለፈም።

በዲቪ የመጣን ዓመት እህቴ አገር ቤት በደወለች ቁጥር ታለቅሳለች፤ ሁሉም እሷን ያባብላል። እኔ ከዌርሃውስ ሺፍቴ ተመልሼ "ፋይን ነኝ" እላለሁ። ጋሼ ብቻ እኛ ወደምንኖርበት ሞርስ ሮድ ድረስ ነድተው መጥተው "አንቺስ? እየበላሽ ነው?" ይሉኝ ነበር። እየበላሁ አልነበረም። ባይጠይቁኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር እንጃ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

ለቅሶው ላይ ባለቤታቸው እትዬ፣ ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለው፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንባ ሳይወጣቸው ለእንግዳ ሻይ ሲቀዱ ሰነበቱ። ሰው ሁሉ "እንዴት ጠንካራ ናቸው!" ይላል። ጋሼ ቢኖሩ ዝም አይሉም ነበር። ማንቆርቆሪያውን ተቀበልኳቸውና "እርስዎስ፣ እትዬ?" አልኳቸው።

እትዬ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።